የእሑድ አዳር

ማቀዝቀዣው በር ላይ የተለጠፈው የቀን መቁጠሪያ ከሩቅ ሲያዩት የልጅ ሥዕል ይመስላል። ቀዩ ቀለም እናት ጋ የሚታደርበት ነው፤ ሰማያዊው አባት ጋ። ቀቢዋ የሰባት ዓመቷ ልጅ ናት፤ የአሥር ዓመቱ ወንድሟ "ይህ የሕፃን ሥራ ነው" ብሎ ትቶላታል። ረቡዕ ሁልጊዜ ሰማያዊ ነው። በየሁለተኛው ሳምንት ዓርብና ቅዳሜም ሰማያዊ ናቸው። ከየካቲት ወዲህ ግን ያቺ ከቅዳሜ ቀጥላ የምትመጣው እሑድም ሰማያዊ ሆናለች። ልጅቷ የመጀመሪያዋን ሰማያዊ እሑድ ስትቀባ ዳር ዳሩን በኮከብ አስጊጣዋለች።

ወደዚህ ቤት፣ ሜልበርን ውስጥ ፉትስክሬይ ወደሚገኝ አፓርታማ፣ የመጣሁት ደብዳቤ ላነብ ነበር። ወዳጄ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ እንግሊዝኛዋ ከእኔ አያንስም።

"ቋንቋው አይደለም የቸገረኝ" አለችኝ ወረቀቱን እያቀበለችኝ። "ምን እንዳጠፋሁ ነው ያልገባኝ።"

ከሴንተርሊንክ፣ የመንግሥትን ድጎማ ከሚከፍለው መሥሪያ ቤት፣ የመጣው ደብዳቤ ልጆቹን የመንከባከብ ድርሻዋ ከ72 ወደ 65 በመቶ ዝቅ ማለቱን ይናገራል። ለውጡ የጀመረው በየካቲት ነው፤ ከዚያ ወዲህ በሰባት ፎርትናይት (በየሁለት ሳምንቱ) የተከፈላት የልጅ ማሳደጊያ በከፊል ትርፍ ስለሆነ ይመለስ ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩላት።

"ልጅ በፐርሰንት ያድጋል እንዴ?" አለችኝ።

አውስትራሊያ ውስጥ አዎ፣ ወላጆቹ ከተለያዩ በፐርሰንት ያድጋል። ያንን ፐርሰንት የሚወስነው ደግሞ ማን ይበልጥ እንደሚወድ፣ ማን እንደሚያስጠና፣ ማን ሐኪም ቤት እንደሚያመላልስ አይደለም። የሚቆጠረው ልጁ የሚተኛበት ሌሊት ነው።

ይህን ነገር ለመረዳት ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ነበረው የሽማግሌዎች ጉባኤ መመለስ ያስፈልጋል። ባልና ሚስቱ እንዲታረቁ ቢለመኑም አልሆነም፤ ሽማግሌዎቹም ቢያንስ የልጆቹን ነገር አስይዘው ለመሄድ ቆረጡ። በዕድሜ ትልቁ አባት እንዲህ አሉ ይባላል፦ "ልጆቹ እናታቸው ጋ ይኑሩ። ቅዳሜና እሑድ በተራ አባታቸውን ይዩ። በመሃልም አንድ ቀን ይውሰዳቸው።" ሁለቱም እሺ አሉ፤ የሽማግሌ ጉልበት ተሳመ፤ ሁሉም ወደየቤቱ ገባ። ጥሩ ስምምነት ነበር። ልጆቹ አባታቸውን አላጡም፤ እናትም እፎይ አለች።

ችግሩ በአማርኛችን "ቅዳሜና እሑድ" ማለት ስንት ሌሊት እንደሆነ አለመታወቁ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ወስዶ እሑድ ማታ የሚመልስ አባት አንድ ሌሊት አሳደረ። ዓርብ ከትምህርት ቤት ተቀብሎ እሑድ ማታ የሚመልስ ሁለት። ዓርብ ወስዶ ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት በር ላይ የሚያደርስ ሦስት። በሽማግሌ ፊት ሦስቱም አንድ ስም አላቸው። በመንግሥት ስሌት ግን በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት በዓመት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊሆን ይችላል። ቋንቋችን መዋልን ከማደር አጥርቶ የሚለይ ሆኖ ሳለ፣ ልጆችን ስንካፈል ግን በቀን እንነጋገራለን። መሥሪያ ቤቱ በአብዛኛው የሚቆጥረው አዳርን ነው። ልጆቹን በየቀኑ ከትምህርት ቤት ተቀብሎ፣ እራት አብልቶ፣ የቤት ሥራ አሠርቶ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ የሚመልስ አባት ያ ሁሉ ውሎው ከቁጥር የማይገባበት ጊዜ ብዙ ነው። በሰዓት የሚሰላበት ሁኔታ በሕጉ ውስጥ አለ፤ የተለመደው መለኪያ ግን አልጋ ነው።

እነሱ በያዙት ልማድ አባትየው በአሥራ አራት ሌሊት ውስጥ አራቱን ያሳድር ነበር፦ ሁለት ረቡዕ፣ አንድ ዓርብ፣ አንድ ቅዳሜ። በየካቲት ትምህርት ሲከፈት አንድ ነገር ለመናት። "ሰኞ ጠዋት እኔ ላድርሳቸው፤ እሑድ ማታ ሲመለሱ ልጅቷ መኪና ውስጥ ታለቅሳለች" አላት። እሷም ደስ እያላት እሺ አለች። አራቱ ሌሊት አምስት ሆነ።

አሁን ሒሳቡ። ፋሚሊ ታክስ ቤኒፊት የሚባለው ድጎማ ስሙ የግብር ይምሰል እንጂ በየፎርትናይቱ ባንክ የሚገባ የልጅ ማሳደጊያ ነው፤ ከፈለጉ በዓመቱ መጨረሻ ባንዴ ይወሰዳል። ፓርት ኤ በየልጁ ይከፈላል። ፓርት ቢ ብቻቸውን ለሚያሳድጉና አንድ ዋና ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች የሚጨመር ነው። ሁለቱም ገቢን እያዩ ይቀንሳሉ። ወላጆች ሲለያዩ ደንቡ እንዲህ ይሆናል፦ ከ35 በመቶ በታች የሚያሳድር ወላጅ ከዚህ ድጎማ ምንም አይደርሰውም፤ ከ65 በመቶ በላይ የሚያሳድረው ሙሉውን ይወስዳል። በመካከል ያሉት ይካፈላሉ። 35 በመቶ የደረሰ 25 በመቶ ድርሻ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ አንድ በመቶ ሁለት ሁለት እየተጨመረለት ይሄዳል፤ ከ48 እስከ 52 ያሉት እኩል ናቸው።

አራት ሌሊት ከአሥራ አራቱ 28 በመቶ ነው፤ አባት ዜሮ፣ እናት ሙሉ። አምስት ሌሊት ሲሆን የአባት ድርሻ ተሸራርፎ 35 ይሆናል፤ የእናት ወደ ላይ ተጠጋግቶ 65። ድጎማውም 25 ለ75 ይከፈላል። በዓመት ሲታይ 104 የነበረው የአባት ሌሊት 130 ሆነ ማለት ነው፤ ደፉ ደግሞ 128ኛው ሌሊት ላይ ነው።

በገንዘብ እንየው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 እስከ ሰኔ 2025 በነበረው የበጀት ዓመት ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከፍተኛው ፓርት ኤ በፎርትናይት 222.04 ዶላር ነበር። ሁለት ልጆች ያሏትና ሙሉውን የምታገኝ እናት 444.08 ትወስዳለች። አምስተኛዋ ሌሊት ስትገባ ከዚህ ላይ 111.02 ይነሳል። ፓርት ቢም በዚያው ልክ ይቀነሳል። በፎርትናይት አንዲት ሌሊት ናት። የልጆቹ ልብስ፣ የትምህርት ቤት ወጪ፣ የቤት ኪራይ ግን በዚያች አንዲት ሌሊት ምክንያት በሩብ አይቀንስም። የሁለት መኝታ ቤት ኪራይ ልጆቹ ዘጠኝ ሌሊት ቢያድሩበትም አሥር ያው ነው።

ይበልጥ ያሳዘነኝ ግን ሌላው ነው። የተቀነሰው ሩብ ወደ አባት ኪስ በራሱ አይሄድም። አባት ራሱ አመልክቶ፣ ገቢውም ፈቅዶለት ነው የሚያገኘው። ካላመለከተ፣ ወይም ደመወዙ ከጣሪያው በላይ ከሆነ፣ እናት ያጣችው ገንዘብ የማንም አይሆንም። ልጆቹ ያው ሁለት ናቸው፣ ወላጆቹም ያው ሁለት፤ ወደ ሁለቱ ቤት የሚገባው ድምር ግን አነሰ። የወዳጄ ባል የነበረው ሰው ስለዚህ ክፍያ ሰምቶ አያውቅም ነበር። እሱ ስልክ የደወለው አንዱ ወላጅ ለሌላው የሚከፍለውን የልጅ ቀለብ ለሚያሰላው ለቻይልድ ሰፖርት ነው፤ "ልጆቼ አሁን አምስት ሌሊት እኔ ጋ ያድራሉ" ብሎ እውነቱን ተናገረ። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ደግሞ ለቻይልድ ሰፖርት የተነገረ የእንክብካቤ ለውጥ ለቤተሰብ ድጎማውም ያገለግላል። አንድ ስልክ ሁለት ሒሳብ ነካ።

ከዚያ ስልክ እሱ ምን አተረፈ? እዚህ ላይ ቻይልድ ሰፖርት እንዴት እንደሚሰላ ማወቅ ግድ ነው። ከሁለቱም ወላጆች ገቢ ላይ የየራሳቸው የመኖሪያ ወጪ ተቀንሶ ቀሪው ይደመራል፤ በድምሩ ልክ ልጆች በዓመት ስንት እንደሚያስወጡ ከተዘጋጀ ሰንጠረዥ ይወሰዳል። ከዚያ እያንዳንዱ ወላጅ ከድምር ገቢው ያለው ድርሻ ይታያል። ልጆቹን በማሳደሩ ደግሞ ከወጪው የተወሰነውን እንደከፈለ ይቆጠርለታል። አባት ከገቢው 60 በመቶውን ቢያገኝና አራት ሌሊት ቢያሳድር፣ በማሳደሩ 24 በመቶ ይያዝለታል፤ 36 በመቶውን ለእናት ይከፍላል። አምስት ሌሊት ሲሆን የሚያዝለት 25 ነው፤ የሚከፍለውም 35። አንድ በመቶ! እሱ ያተረፈው አንድ፣ እሷ ከድጎማው ያጣችው ሃያ አምስት። ሁለቱም ይህን አያውቁም ነበር፤ ደብዳቤው በደረሰ ማግስት ግን እያንዳንዳቸው ሌላው አውቆ ያደረገው መሰላቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ በሰላም የተዋዋለ ቤተሰብ በአንድ ሳምንት መጨቃጨቅ ጀመረ።

ሕጉን ያወጡት ሰዎች ሌሊት ወደ ገንዘብ ሲለወጥ ምን እንደሚከተል ሳያውቁ አልቀሩም። አውስትራሊያ ቻይልድ ሰፖርትን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ከዚያ በፊት የልጅ ቀለብ በፍርድ ቤት ይወሰን ነበር፤ መጠኑ ትንሽ፣ ከፋዩም ጥቂት ነበር። ሥራው መጀመሪያ ለግብር መሥሪያ ቤቱ የተሰጠውም ለዚህ ነው፤ ከደመወዝ ላይ መቁረጥ የሚያውቅ እሱ ነበርና። በቀድሞው ቀመር አባት ቁም ነገር ተብሎ የሚቆጠረው 110 ሌሊት ሲሞላ ነበር፤ ስለዚህ ክርክሩ ሁሉ 110ኛዋ ሌሊት ላይ ይወድቅ ነበር። በ2005 ፕሮፌሰር ፓትሪክ ፓርኪንሰን የመሩት ግብረ ኃይል ይህን አይቶ አዲስ ቀመር አቀረበ፤ ከሐምሌ 2008 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። በዓመት 52 ሌሊት (14 በመቶ) ያሳደረ ወላጅ ወጪው በቻይልድ ሰፖርት በኩል ይታይለት ተባለ፤ በልዋጩም ድጎማው ከ35 በመቶ በታች ላለው አይከፈል፣ ልጆቹ በብዛት ለሚያድሩበት ቤት ይጠበቅ ተባለ። ከ35 እስከ 65 ድረስ ያለውን መንገድ በትንንሽ ደረጃ አስተካከሉት። ሐሳቡ ቅን ነው፤ እኔም አከብረዋለሁ። ነገር ግን ገደሉ አልጠፋም። ከ110 ተነስቶ 128 ላይ ቆመ።

ከአገር ቤት ለመጣ ሰው የዚህ ሁሉ እንግዳነት ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። የኢትዮጵያ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልና ሚስት ሲፋቱ ፍርድ ቤቱ ልጆቹ ማን ጋ እንደሚኖሩና ቀለባቸውን ጭምር እንዲወስን ያዛል። ቀለብ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ነው፤ ይከሰሳል፣ ይፈረዳል፣ ይቆረጣል። መንግሥት በየወሩ ለልጆቹ ብሎ የሚያስገባው የራሱ ገንዘብ ስለሌለ ልጁ የት አደረ ብሎ የሚቆጥርበት ምክንያት የለውም። እዚህ ግን በእናትና በአባት መካከል ሦስተኛ ከፋይ አለ።

ከዚያ ሌላ ያልተነገረ ሕመም አለ። ከልጇ አባት ተለያይታ ልጅ የምታሳድግ እናት ከዝቅተኛው በላይ ፓርት ኤ እንድታገኝ ከተለያዩ በ13 ሳምንት ውስጥ ቻይልድ ሰፖርት ማመልከት አለባት። ካላመለከተች ክፍያዋ ወደ ዝቅተኛው ይወርዳል። እኛ ዘንድ ይህ ማመልከቻ እንደ ክስ ነው የሚታየው። "ከሰሰችኝ" ይላል አባት፤ ዘመድ ይሰማል፤ አዲስ አበባ ያለች እናቱ ሳይቀር ትሰማለች። ፍርድ ቤት የለም፣ ዳኛ የለም፣ ሕጉ ራሱ ያስገደዳት ቅጽ ነው። ይህን ለአባቶች ፊት ለፊት የሚያስረዳ ሰው ቢኖር ስንት ጠብ ይቀር ነበር! ጥቃት ደርሶባት ወይም ልጆቿ ላይ አደጋ እንዳይመጣ ፈርታ ማመልከት የማትችል እናት ደግሞ ነፃ እንድትሆን መጠየቅ ትችላለች፤ ይህንንም የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

ቀለቡ ሲከፈል ደግሞ ድጎማውን መልሶ ይነካዋል። ከተፈቀደው መነሻ በላይ ከምትቀበለው እያንዳንዱ ዶላር ሃምሳ ሳንቲም ከፓርት ኤ ላይ ይቀነሳል። ገንዘቡን በቀጥታ ከእጅ ወደ እጅ ለመቀባበል ከተስማሙ መሥሪያ ቤቱ ሙሉው እንደተከፈላት ይቆጥራል፤ አባት ባይሰጣትም። "አንተ ትሰጠኛለህ፤ መንግሥት ለምን ይግባ" ብለው በመተማመን የጀመሩ ስንት እናቶች ያልተቀበሉት ገንዘብ ከድጎማቸው ተቀንሶባቸዋል። መሥሪያ ቤቱ እንዲሰበስብ ካደረጉ የሚታየው በእርግጥ የገባው ነው፤ የኋላ ውዝፍ ባንዴ ሲመጣ ግን ያለፈው ድጎማ ዕዳ ሆኖ ሊመለስ ይችላል። በ2025 የፌዴራሉ እንባ ጠባቂ ያወጣው ሪፖርት ይህ ሥርዓት በአንዳንድ ወላጆች እጅ የገንዘብ ማጥቂያ መሣሪያ መሆኑን በግልጽ ጽፏል።

ሰባት ለሰባት የሚካፈሉትስ? እኩልነት ነውና ቀላል ይመስላል። ፋሚሊ ታክስ ቤኒፊቱ እኩል ይከፈላል፤ ለብቻቸው ለሚያሳድጉ የሚሰጠው ፓረንቲንግ ፔይመንት ግን አይከፈልም። ሕጉ ለአንድ ልጅ አንድ ዋና ተንከባካቢ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሁለቱም ድሆች ቢሆኑ፣ ሁለቱም ሰባት ሌሊት ቢያሳድሩ፣ አንዱ ያገኛል፤ ሌላው ሥራ ፈላጊ ተብሎ ያነሰ ክፍያ ይወስዳል። ከመስከረም 2023 ጀምሮ ይህ ክፍያ የመጨረሻው ልጅ 14 ዓመት እስኪሞላው ይዘልቃል፤ ቀድሞ 8 ዓመት ላይ ይቆም ነበር። ለብዙ እናቶች ትልቅ እፎይታ ነው፤ የዚያኑ ያህል ማን "ዋና" ነው የሚለው ጥያቄ ስድስት ዓመት ረዘመ። በ2006 የወጣው የቤተሰብ ሕግ ማሻሻያ ውስጥ እኩል የወላጅነት ኃላፊነት የሚል ግምት ስለነበር፣ ብዙ ሰው ሕጉ ልጆቹን እኩል አካፍሏል ብሎ አምኖ ኖሯል። ያ ግምት ስለ ውሳኔ አሰጣጥ እንጂ ስለ ሌሊት አልነበረም፤ ከግንቦት 2024 ጀምሮም ከሕጉ ወጥቷል።

ሽማግሌዎቻችንን አንድ ነገር ብለምናቸው እወዳለሁ፦ ሲያስታርቁ ወረቀት ይያዙ፤ ወረቀቱም ላይ ቀን ሳይሆን ሌሊት ይጻፉ። ወላጆቹ ሳይገደዱ በጽሑፍ የተስማሙበት፣ የፈረሙበትና ቀን ያለበት ውል የወላጅነት ዕቅድ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። ውሉ ከተጻፈ በኋላ ኑሮው ከተለወጠ ግን የሚታየው የሚደረገው ነው፤ ስለዚህ አንዲት ሌሊት ስትጨመርም ሆነ ስትቀነስ በ28 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ወዳጄ ዕዳ ውስጥ የገባችው ሌሊቷን በመስጠቷ ሳይሆን ባለማሳወቋ ነው። በ131 202 የሚደውል ሰው በቋንቋው ማነጋገር ይችላል፤ አስተርጓሚው አይከፈልበትም። ውሳኔው ስህተት የመሰለው እንዲታይለት ይጠይቃል፤ ከዚያም አልፎ ውሳኔዎችን እንደገና የሚያይ አስተዳደራዊ ጉባኤ አለ። ዕዳውም በትንሽ በትንሹ ሊከፈል ይችላል። ወዳጄ ዕዳዋን እንደዚያ አስያዘችው።

የቀረው እሑድ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ካልኩሌተር ይዤ አንድ ነገር አየሁ። 130 ከ128 የሚበልጠው በሁለት ሌሊት ነው። ልጆቹ በዓመት ሦስት ሌሊት ብቻ፣ ለምሳሌ በትምህርት ቤት ዕረፍት፣ ወደ እናታቸው ቢመለሱ 127 ይሆናል፤ ድጎማዋም ሙሉ ይሆናል። እውነት እስከሆነ ድረስ ይህን መስማማት ወንጀል አይደለም፤ ያላደሩበትን አደሩ ማለት ነው ወንጀሉ። ነገርኳት። ወዲያው ደግሞ ባልነገርኳት ብዬ ተመኘሁ፤ ቀይና ሰማያዊውን የቀን መቁጠሪያ የምታይበት ዓይን ሲለወጥ ፊት ለፊቴ አየሁትና።

"እሑድን ልመልስ?" አለች፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ አልታወቀኝም።

ልጅቷ ከመኝታ ቤት ብቅ ብላ "ሰማያዊው ደርቋል" አለች፣ ማርከሩን እያሳየች። የወሩ የመጨረሻዋ እሑድ ግማሿ ብቻ ተቀብታለች።

ወዳጄ መሳቢያ ከፍታ ሌላ ማርከር ሰጠቻት። ከዚያ ስልኳን አንስታ ለልጆቹ አባት ደወለች። ስለ ደብዳቤው አልጀመረችም። "ያንተን ድርሻ ሴንተርሊንክ ሄደህ ጠይቅ፤ ይገባሃል" አለችው። "የጠየቅኸውን ደግሞ ቁጭ ብለን እንነጋገርበታለን።" እሱ ምን እንዳለ አልሰማሁም። ለትንሽ ጊዜ ዝም ብላ አዳመጠችና፦

"እሺ። ሰኞ ጠዋት ስታደርሳት ጃኬቷን እንዳትረሳ፤ ባለፈው እዚያ ቀርቷል።"